የሕፃን ወተትና የነጋዴ ዕዳ

ስለ ሕፃናት መብት ሲነገር ለብዙዎቻችን ቶሎ የሚታሰበን የወተት ጥርሱን ነቅሎ ሳይጨርስ ከሽመና ጉድጓድ የገባው ልጅ፣ ወይም ከአቅሙ በላይ ተሸክሞ በገበያ መካከል የሚሮጠው ብላቴና ነው። ማሰባችንም የተገባ ነው፤ በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ዐዋጅም 15 ዓመት ያልሞላውን ልጅ መቅጠርን ከልክሏል። ዳሩ ግን ነጋዴና ሕፃን የሚገናኙት በቅጥር ብቻ አይደለም። የማንንም ደመወዝ ያልበላ፣ የፋብሪካ ደጅ ያልረገጠ፣ ገና በእናቱ ጡት ላይ ያለ ሕፃን በነጋዴ ሥራ ሊጎዳ ይችላል። ዛሬ ልጽፍ የተነሣሁት ስለዚህ ስለ ሁለተኛው ሕፃን ነው።

ነገሩ አዲስ አይደለም። በ1939 (የውጭ አገሩን ዘመን ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር እጽፋለሁ) ሲስሊ ዊልያምስ የሚባሉ በጃማይካ የተወለዱ ሴት ሐኪም በሲንጋፖር ከተማ በሮታሪ ማኅበር ፊት ቆመው ንግግር አደረጉ፤ አርእስቱንም «ወተትና ነፍስ ግድያ» አሉት። እኒህ ሐኪም ቀድሞ በጎልድ ኮስት፣ በዛሬዪቱ ጋና፣ ሲሠሩ ጡት የጣሉ ሕፃናትን ሰውነት የሚያሳብጠውን የምግብ እጦት ደዌ፣ አገሬው በሚጠራበት ስም ክዋሺዮርኮር ብለው ለዓለም ሐኪሞች ያስታወቁ ናቸው። በሲንጋፖር ያስቈጣቸው ስኳር የበዛበት የቆርቆሮ ወተት ለሕፃን ምግብ ይሆናል እየተባለ መሸጡ ነበረ።

ወተቱ መርዝ ነውን? አይደለም። ጉዳቱ ያለው በአሻሻጡ ላይ ነው፤ ይኸውም እንዲህ ነው። እናቲቱ እንደ ወለደች አንድ ጣሳ የዱቄት ወተት በነጻ ይሰጣታል፤ ሰጪዪቱም ብዙ ጊዜ የአስታማሚ ልብስ የለበሰች የኩባንያ ሠራተኛ ነበረች። ሕፃኑ ከጡጦው ሲጠግብ ጡቱን ይተዋል፤ ጡት ደግሞ ካልተጠባ ይደርቃል። ጣሳው ባለቀ ጊዜ እንግዲህ ጡቱም አልቋል። ከዚያ ወዲያ ስጦታው ዕዳ ይሆናል። ያላት ትገዛለች፤ የሌላት ዱቄቱን እየቀነሰች ውሃውን ታበዛለች። ውሃውም ካልፈላ ተቅማጥ ያመጣል፤ በቀጠነ ወተት የደከመ ሕፃንም ተቅማጥን አይችልም።

በ1974 ዋር ኦን ዎንት የሚባል የእንግሊዝ የበጎ አድራጎት ማኅበር ይህንኑ የሚገልጽ አንዲት አነስተኛ መጽሐፍ አሳተመ። በስዊስ አገር ያሉ ወጣቶች ጽሑፉን ወደ ጀርመንኛ ሲመልሱት አርእስቱን «ኔስሌ ሕፃናትን ይገድላል» ብለው ስለ ለወጡት ኩባንያው በስም ማጥፋት ከሰሳቸው። የበርን ከተማ ዳኛም በ1976 ፈረደባቸው፤ መቀጫውን ግን ጥቂት አደረገው፤ ኩባንያውንም የማስታወቂያ አሠራሩን እንዲመረምር አሳሰበው። ይህ ፍርድ ለእኔ ትክክል ይመስለኛል። ገዳይ የሚባለው ሊገድል ያሰበ ነውና። ነገር ግን ነጋዴ የሚጠየቀው ስላሰበው ብቻ አይደለም፤ ሥራው ምን እንደሚያመጣ ከተነገረው ጀምሮ፣ ያላሰበውም ዕዳው ነው። በ1977 በአሜሪካ ብዙ ሰዎች የኩባንያውን ዕቃ አንገዛም አሉ። በግንቦት ወር 1981 የዓለም የጤና ጉባኤ የሕፃናት ወተት አሻሻጥ ደንብ አወጣ፤ 118 አገሮች ደገፉት፤ የተቃወመች አንዲት አሜሪካ ብቻ ነበረች። ደንቡ ለሕዝብ ማስታወቂያ መንገርን፣ ለእናቶች ናሙና በነጻ ማደልን፣ በጣሳው ላይ የሕፃን ሥዕል መሳልን ይከለክላል። ከከልካዩ አገር መንግሥት ሕግ ካልወጣለት ግን ምክር ሆኖ ይቀራል።

እኔ ኑሮዬ በአዲስ አበባ በአንድ መድኃኒት ቤት ሒሳብ መያዝ ነው፤ መደርደሪያው ከጠረጴዛዬ ፊት ለፊት ስለ ሆነ ማን ምን እንደሚገዛ ሳልፈልግ አያለሁ። የዱቄት ወተት የሚገዙትን ሁለት ወገን ሆነው አገኘኋቸው። አንደኛው ወገን ሌላ መንገድ የሌለው ነው፤ እናቱ የሞተችበትን ሕፃን የሚያሳድግ፣ ወይም በሕመም ምክንያት ሐኪም ማጥባትን የከለከላት። ለነዚህ ጣሳው ሕይወት ነው፤ ጣሳውን እንዲያው በጅምላ የሚራገም ሰው እነዚህን አላየም። ሁለተኛው ወገን ጤነኛ ልጅ በጤነኛ ጡት ሲያሳድግ የቈየ ነው፤ ልጁ ስንት ወሩ ነው ብዬ ስጠይቅ መልሱ ብዙ ጊዜ ከሦስት ወር ፈቀቅ አይልም። አንዲት የልብስ ስፌት ሠራተኛ ጣሳውን በእጇ እያገላበጠች፣ «የተጻፈውን ሁለት ማንኪያ አንድ ተኩል ባደርገው ልጄን ይጎዳብኛል ወይ?» ብላ ጠየቀችኝ። እኔ ሐኪም አይደለሁምና ፋርማሲስቱን ጠራሁላት፤ እርሱም ይጎዳዋል አላት። አመስግና ከፍላ ሄደች። ጣሳው ስንት ቀን እንደሚያደርሳት ግን ሦስታችንም በልባችን አስልተን ነበር።

ስለ ምን ሦስት ወር ሆነ? ከላይ የጠቀስሁት ዐዋጅ ለሠራተኛዪቱ ከመውለዷ በፊት 30 ቀን፣ ከወለደች በኋላ 90 ቀን ከነደመወዝ ፈቃድ ይሰጣል። የቀድሞው ዐዋጅ ከወለደች በኋላ የሚሰጣት 60 ቀን ነበርና ጭማሪው የሚመሰገን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ግን ሕፃን ስድስት ወር እስኪሞላው ድረስ ከእናቱ ጡት በቀር ምንም ነገር፣ ውሃም ቢሆን፣ እንዳይቀምስ ይመክራል። ከዘጠና ቀን እስከ ስድስት ወር መካከል ያለው ጊዜ ነው እንግዲህ የጣሳው ገበያ። አንዱ ነጋዴ እናቲቱን ወደ ሥራ ይጠራታል፤ ሌላው ነጋዴ በርሷ ፈንታ ጣሳውን ይልካል፤ ሁለቱም አይተዋወቁም።

የፋብሪካ ባለቤቶች ይህን ሲሰሙ የልጅ አስተዳደግ የቤት ጕዳይ ነው ይላሉ። እስቲ የቤቱን ጕዳይ እንመልከት። ያገራችን ሰው አራስን በገንፎና በአጥሚት እየጠየቀ፣ ክርስትና እስኪነሣ ድረስ፣ ለወንድ አርባ ለሴት ሰማንያ ቀን ያስቀምጣታል። ከዚያ በኋላ የባላገር ሴት ያለ ሥራ ተቀምጣ አታውቅም፤ ታርማለች፣ ታጭዳለች፣ ውሃ ትቀዳለች። ነገር ግን ልጇ በአንቀልባ ጀርባዋ ላይ ነው፤ ሲያለቅስ አዙራ ታጠባዋለች። እናትን ከሕፃኗ የለየው ሥራ አይደለም፤ የፋብሪካው በር ነው። በሩን የሠራው ደግሞ ባለ ንብረቱ ነውና ጕዳዩ የቤት ብቻ ሆኖ ሊቀር አይችልም። በ2012 ዩኒሴፍ፣ ሴቭ ዘ ችልድረንና የተባበሩት መንግሥታት ግሎባል ኮምፓክት ለነጋዴዎች ባወጧቸው ዐሥር መመሪያዎች ውስጥ ሦስተኛው ለወላጆች የሚገባ ሥራ ስለ መስጠት፣ ስድስተኛው ስለ ማስታወቂያና ስለ አሻሻጥ መሆናቸው፣ ሁለቱን ነጋዴዎች ከአንድ ወረቀት ላይ አገናኝቷቸዋል።

የእኅቴ ልጅ ስሙን ከማልጠራው አንድ የስፌት ቤት ትሠራለች። በ91ኛው ቀን ስትመለስ ጡቷ እየሞላ ያሠቃያት ስለ ነበር በመጸዳጃ ቤት እየገባች ታልበውና ወደ ፍሳሹ ታፈስሰው ነበር። ልጇ በዚያው ሰዓት ከቤት ጡጦ ይጠባል። ይህን ስትነግረኝ አላለቀሰችም፤ ስለ ሌላ ሰው እንደምታወራ ሆና ነው የነገረችኝ።

የዓለም የሥራ ድርጅት ገና በተቋቋመበት በ1919፣ በዋሽንግተን ባደረገው ጉባኤ፣ የምታጠባ ሠራተኛ በሥራ ሰዓት ውስጥ በቀን ሁለት ጊዜ ግማሽ ግማሽ ሰዓት እንድታገኝ ወስኖ ነበር። ከመቶ ዓመት በፊት የተጻፈ መልካም ቃል ነው። ቢሆንም ቤቷ በከተማው ዳር፣ ሥራዋ በመካከሉ ለሆነች ሴት ግማሽ ሰዓት አንድ ታክሲ ለመጠበቅም አይበቃም። ሕፃኑ ከአጠገቧ ካልዋለ ሰዓቱ ባዶ ነው፤ ስለዚህ አስቀድሞ ክፍል ያስፈልጋል። ክፍሉም ቤተ መንግሥት አይደለም፤ ንጹሕ ወለል፣ ውሃ፣ ጥቂት ፍራሽና አንዲት ጠባቂ ነው።

የእኅቴ ልጅና ጓደኞቿ ተሰብስበው ባለቤቱን ለመኑት። ሰውዬው ክፉ አይደለም፤ ጥቂት ካሰበ በኋላ የክር መጋዘኑን እኩሌታ አስለቀቀላቸው። ጠባቂዪቱን ሴቶቹ አዋጥተው ቀጠሯት። ግማሽ ሰዓቱንም ፈቀደላቸው፤ ከደመወዛቸው እንዲቀነስ ግን አስፈረማቸው። በ2000 የወጣው የወሊድ ጥበቃ ስምምነት የማጥባት ጊዜ እንደ ሥራ ሰዓት ተቈጥሮ እንዲከፈል ይላል፤ ይህን ሰውዬው ዘንድ ሄጄ ነገርሁት፤ እርሱም ተወዳዳሪዎቼ ይህን ይከፍላሉ ወይ ብሎ ጠየቀኝ፤ አይከፍሉም አልሁት። ልጁ አሁን አምስት ወሩ ነው፤ ጣሳም አልገባበትም። በየወሩ መጨረሻ በእናቱ የደመወዝ ወረቀት ላይ «የጎደለ ሰዓት» የሚል መስመር አለ፤ ያለፈው ወር ቊጥሩ 26 ነበር።