የአያቴ ቀይ በሬ

ባለፈው ክረምት ለዕረፍት ወደ አያቴ አገር ሄጄ ሳለሁ፥ አንድ ቀን ማለዳ «ቀዩን በሬ ፍታና አምጣልኝ» አሉኝ። በጣታቸው ያመለከቱኝ በሬ ግን በእኔ ዓይን ቀይ አልነበረም። «አባባ፥ ይህ እኮ ቡናማ ነው» ብዬ እንደ መምህር አረምኋቸው፤ በልቤም «ቀለም ስላልቆጠሩ ቀለም አይለዩም» ብዬ ሳቅሁ።

እርሳቸው ሳይቆጡ፥ «ልጄ፥ ቡና እሸቱ አረንጓዴ፥ ሲበስል ቀይ፥ ሲቆላ ጥቁር ነው፤ የትኛውን ቡና ነው የምትለኝ?» አሉኝ። ቀጥለውም «እንግዲያስ ዳለቻውን አምጣ» ቢሉኝ የትኛው እንደ ሆነ አላውቅ ብዬ ቆምሁ። ለካ ዳለቻ ማለት ዐመድማው በሬ ኖሯል።

ወደ ትምህርት ቤት ከተመለስሁ በኋላ ነገሩ ከልቤ ስላልወጣ መጻሕፍት አገላበጥሁ። ብሬንት በርሊንና ፖል ኬይ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1969 የ98 ቋንቋዎችን የቀለም ስሞች አነጻጽረው፥ ስሞቹ ያለ ሥርዓት የተሰጡ እንዳልሆኑ ገለጹ። እንደ እነርሱ አባባል፥ ሁለት ስም ብቻ ያለው ቋንቋ ጥቁርና ነጭን ይለያል፤ ሦስተኛው ቀይ ነው፤ አረንጓዴ፥ ቢጫና ሰማያዊ ይከተላሉ፤ ቡናማ ከእነዚህ በኋላ ይመጣል። በእኛም ቋንቋ ሰማያዊን ከሰማይ፥ ቡናማን ከቡና ወስደን እንጠራለን፤ ቀይ ግን የራሱ ስም አለው።

በሌላ ወገን ደግሞ ቋንቋ ዓይንን ያግዛል። ሩስያውያን ጠቆር ያለውን ሰማያዊ «ሲኒይ»፥ ፈዘዝ ያለውን «ጎሉቦይ» ይላሉ፤ ሁለቱን የሚጠቀልል አንድ ስም የላቸውም። እ.ኤ.አ. በ2007 በወጣ ጥናት፥ ሩስያውያን ሁለት ሰማያዊ ቀለሞችን ለመለየት ሲጠየቁ፥ አንዱ ሲኒይ ሌላው ጎሉቦይ በሆነ ጊዜ ይበልጥ ፈጠኑ፤ እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ግን ይህን ብልጫ አላሳዩም። ይሁን እንጂ ብልጫው ከአንድ ሰከንድ እጅግ ያነሰ ነበር እንጂ፥ አንዱ አይቶ ሌላው የታወረ አልነበረም።

ስለዚህ በእኔ አስተያየት የሰው ዓይን አንድ ነው፤ በቀለማት መካከል ድንበር የሚያበጅለት ግን ኑሮውና ቋንቋው ነው። አያቴ ቡናማ ባይሉም መልኩን አይተውታል፤ እኔም ዳለቻውን እያየሁ ስሙን አጣሁ። የስም ማነስ የማየት ማነስ አይደለም።

ለገና በሄድሁ ጊዜ ጉልበታቸውን ስሜ ይቅርታ ለመንኋቸው። እርሳቸውም እንደ ረሳ ሰው ሆነው «ዳለቻውን ውኃ አጠጣልኝ» አሉኝ። በዚያን ቀን አልተሳሳትሁም።