ወደ ጅቡቲ ለምትሄደው ልጄ

ሞጆ፣ ነሐሴ 2017 ዓ.ም.



ጅቡቲ ሄደሽ እንግሊዝኛ እንድታስተምሪ መቀጠርሽን እናትሽ ለጎረቤቱ ሁሉ አዳርሳለች። እኔ ፊት ለፊት ስንቀመጥ ቃል ያጥረኛልና በጽሑፍ ይሻላል ብዬ ነው።

አገሩን በዓይኔ ባላየውም በትራንዚተርነቴ አውቀዋለሁ። ከደረቅ ወደቡ የማስወጣው ኮንቴይነር የሚመጣው በዚያ በኩል ነው፤ ሾፌሮቹም የጉምሩክ ዲክላራሲዮኑ እስኪያልቅ ድረስ አጠገቤ ተቀምጠው ስለ ከተማው ያወሩኛል። የእኛ ክረምት ለእነሱ የቃጠሎ ወቅት ነው፤ ከ40 ዲግሪ በላይ ይወጣል። ሥራ በማለዳ ይጀመራል፣ ቀትር ላይ አብዛኛው ሱቅ ይዘጋል። ያን ጊዜ አንቺም ዕረፊ። የዕረፍት ቀናቸው ዓርብ በመሆኑ እሑድ ክፍል ትገቢያለሽ። ቅዳሴ የማይቀርብሽ ልጅ ነሽና ከሙቀቱ ይልቅ ይህ ይከብድሻል። እዚያ ያሉት ምዕመናን እንዴት እንደሚያደርጉ ገና ስትደርሺ ጠይቂያቸው።

ትምህርቱ የፈረንሳይን ሥርዓት የተከተለ ነው። ውጤት የሚሰጠው ከ20 ነው፤ 10 ማለፊያ ነው፣ 14 ጥሩ ውጤት ነው። ልጆቹ ቤታቸው ሶማሊኛ ወይም አፋርኛ ይናገራሉ፣ ቁርአን በዓረብኛ ይቀራሉ፣ ሂሳብ በፈረንሳይኛ ይማራሉ። የአንቺ እንግሊዝኛ በዚህ ሁሉ ላይ የሚጨመር ነው። ሞጆ ያደግሽ ስለሆንሽ ይህ እንግዳ አይሆንብሽም፤ ቤቱ ኦሮምኛ፣ ሰፈሩ አማርኛ፣ ሰሌዳው ላይ እንግሊዝኛ የሚጠብቀው ልጅ ዝም ያለው ስላላወቀ ብቻ እንዳልሆነ አብረውሽ ከተማሩት አይተሻል። ታገሺው።

እኔን ናዝሬት ሂሳብ ያስተማሩኝ ህንዳዊ ነበሩ። በዚያ ዘመን በየጠቅላይ ግዛቱ ህንዳውያን መምህራን ነበሩ። አነጋገራቸውን ክፍሉ ስላልለመደው ይስቅ ነበር። እሳቸው ግን የሁላችንንም ስም ከነአባታችን አስተካክለው መጥራት እስኪችሉ ድረስ ማታ ማታ ይለማመዱ ኖሯል። ዓመቱ ሳይጋመስ የሚስቅ ጠፋ። አንቺም ከትምህርቱ በፊት የተማሪዎችሽን ስም ያዢ።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። ጅቡቲ ካሉት ወገኖቻችን ብዙዎቹ በሰው ቤት የሚሠሩ ሴቶች፣ የቀን ሠራተኞችና ሾፌሮች ናቸው። ወደ ኦቦክ በእግራቸው ተጉዘው፣ ባሕር ተሻግረው የመን ለመግባት የሚሞክሩ ወጣቶችም በዚያው አገር ያልፋሉ። መምህርት መባልሽ ከእነዚህ ሰዎች አያርቅሽ። ተማሪሽ ቤት ልብስ የምታጥበው ልጅ የሐረርጌ ወይም የወሎ ልጅ ልትሆን ትችላለች። ልጁን ልታደርስ ትምህርት ቤት ስትመጣ በአማርኛ ወይም በኦሮምኛ፣ በሰው ፊት ሰላም በያት። ልጁ ቤቱ የምትሠራዋና ክፍል የምታስተምረው የአንድ አገር ሴቶች መሆናቸውን ያያል። አንቺ ስታከብሪያት እሱም ያከብራታል፤ ብታፍሪባት ደግሞ ለአንቺም ክብር አይኖረውም።

ስለ ገንዘብ ብዙ አልልም። የጅቡቲ ፍራንክ ከዶላር ጋር የተሳሰረ ነው፤ 1 ዶላር 178 ፍራንክ ገደማ ነው። ደመወዝሽ በብር ሲመነዘር ብዙ ይመስላል፣ ነገር ግን ምግቡ ሳይቀር ከውጭ የሚገባበት ከተማ ነው፤ አትክልቱንም የምንልክላቸው እኛው ነን። እስክትደላደዪ ድረስ ወደ ቤት አንድ ፍራንክ አትላኪ። የሚጠይቅ ዘመድ ካለ ወደ እኔ ምሪው፣ መልሱን እኔ እሰጠዋለሁ።

በባቡር ለመሄድ መምረጥሽን ወድጄዋለሁ። አዲሱ ሐዲድ በመስከረም 2009 ሲመረቅ አንቺ ገና ተማሪ ነበርሽ። ድንበሩ ደወሌ ላይ ሰነድ ሲታይም፣ ነጋድ ጣቢያ ስትወርጂም፣ ከዚያም በኋላ ፓስፖርትሽን ራስሽ ያዢ፤ ቀጣሪም ቢሆን ላስቀምጥልሽ ቢልሽ አትስጪ። በደረስሽ በሳምንቱ ኤምባሲያችን ሄደሽ ተመዝገቢ። የሥራ ውልሽንም ቅጂ ሳትሳፈሪ ለእኔ ተዪልኝ።

አባትሽ