ውሃ መጨመር ጥገና አይደለም

የመኪና ሞተር ማቀዝቀዣ ዝግ ዑደት ነው። በውስጡ የሚዘዋወረው ኩላንት፣ ማለትም ግላይኮል ከተባለ ፈሳሽ፣ ከውሃና ከጸረ ዝገት ቅመሞች የሚሠራው ድብልቅ፣ እንደ ነዳጅ ተቃጥሎ የሚያልቅ ባለመሆኑ፣ በየሳምንቱ የሚጎድል ከሆነ የሚወጣበት ቦታ መኖሩ አያጠራጥርም። ሆኖም ከሞጆ በመቂና በባቱ በኩል ወደ ሻሸመኔ በሚዘልቀው መንገድ ላይ ከሚመላለሱት ብዙ ተሽከርካሪዎች ውስጥ የውሃ ጀሪካን አይጠፋም፤ ጉድለቱም መንስኤው ሳይፈለግ በየጊዜው ይሞላል።

ምርመራው ከቀላሉና ርካሹ መጀመር አለበት፤ ባቱ ላይ ደግሞ የመጀመሪያው ተጠርጣሪ የራዲያተሩ ክዳን ነው። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,640 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ፣ ክፍት ዕቃ ውስጥ ያለ ውሃ 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይደርስ በ95 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ ይህም ብዙ ሞተሮች በደኅና ጊዜያቸው ከሚሠሩበት ሙቀት እጅግ የቀረበ ነው። ክዳኑ በውስጡ ባለው ሞላና ጎማ አማካይነት ግፊት አምቆ የመፍያ ነጥቡን ከፍ ያደርጋል፤ ለምሳሌ 0.9 ባር የሚይዝ ጤነኛ ክዳን በዚህ ከፍታ ንጹሕ ውሃን እንኳ እስከ 115 ዲግሪ ገደማ ሳይፈላ ያቆየዋል። ጎማው የደረቀ ወይም ሞላው የላላ ክዳን ግን ፈሳሹን በእንፋሎት መልክ ስለሚያስወጣው፣ ከመኪናው ሥር አንዲት ጠብታ ሳትታይ መጠኑ ይቀንሳል።

ክዳኑ ደኅና ሆኖ ከተገኘ ፍለጋው ወደ ውጭው አካል ይሸጋገራል። ኩላንት ሲደርቅ ቀለም ያለው ወይም ነጣ ያለ ቅርፊት ትቶ ስለሚሄድ፣ የላስቲክ ቱቦዎቹ የሚታሰሩባቸው ቦታዎች፣ የራዲያተሩ ፕላስቲክና ብረት የሚጋጠሙበት ጠርዝና ከውሃ ፓምፑ ኩሽኔታ በታች ያለችው ትንሽ ቀዳዳ በጥንቃቄ መታየት አለባቸው። በተሳፋሪው እግር ሥር የራሰ ምንጣፍና ጣፋጭ ሽታ ከተገኙ ደግሞ መኪናውን ከውስጥ የሚያሞቀው ትንሹ ራዲያተር እንደሚያፈስ ይጠቁማሉ። በዓይን የማይገኘውን ለማግኘት፣ ሞተሩ በቀዘቀዘበት ሰዓት በክዳኑ ቦታ የእጅ ፓምፕ ተገጥሞ ክዳኑ ላይ በተጻፈው ልክ ግፊት ይሰጣል፤ የፓምፑ ግፊት መለኪያ መርፌ ከወረደ ፈሳሹ በአንድ በኩል እየወጣ ነው።

ግፊቱ እየወረደ ከውጭ ምንም ካልታየ ጥርጣሬው ወደ ሞተሩ ውስጥ፣ በተለይም በቴስታው፣ ማለትም በሞተሩ የላይኛው ክፍል፣ እና በሞተሩ ብሎክ መካከል ወዳለው ማሸጊያ ጋስኬት ይዞራል። ሞተሩ ከሞቀ በኋላም የማይቆም ነጭ ጭስ፣ ራዲያተሩ ውስጥ ያለማቋረጥ የሚወጡ አረፋዎች፣ ወተት የመሰለ ዘይትና ከሌሎቹ ተለይቶ የጸዳ ካንዴላ የዚህ ጉዳት ምልክቶች ናቸው፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲነካው ከሰማያዊ ወደ ቢጫ የሚለወጠው የመመርመሪያ ፈሳሽም ቴስታው ሳይፈታ ጥርጣሬውን ያረጋግጣል።

በየጊዜው ውሃ መጨመር ይህን ሁሉ ከመሸፈን አልፎ ራሱ ጉዳት ያመጣል። እንፋሎቱ ሲወጣ በውሃው ውስጥ የሟሟው ማዕድን ወደ ኋላ ስለሚቀር፣ ማዕድን በሚበዛበት የስምጥ ሸለቆ የከርሰ ምድር ውሃ በተደጋጋሚ የሚሞላ ራዲያተር ቀጫጭን መተላለፊያዎቹ በቅርፊት ይጠባሉ፤ ጸረ ዝገቱም እየቀጠነ አሉሚኒየሙ ለመበላት ይጋለጣል።

ስለዚህ አሽከርካሪዎች ማለዳ ሞተሩ ሳይሞቅ የፈሳሹን ከፍታ በመያዣው ላይ ምልክት አድርገው ይከታተሉ፤ የጋለ ራዲያተር ክዳን ከቶ አይክፈቱ፤ ሕፃናትንና እንስሳትን የሚመርዘውን ያገለገለ ኩላንትም በየሜዳውም ሆነ ባቱ አጠገብ ባለው በደምበል ሐይቅ ዳር አይድፉ። ቀስ በቀስ የሚጎድል ፈሳሽ በጊዜ ከተመረመረ ብዙ ጊዜ በክዳን ወይም በቱቦ ዋጋ ይድናል፤ ከተናቀ ግን ቴስታን፣ አልፎም ሙሉ ሞተርን ያስከፍላል።