ብርሌ፣ ጣሳ፣ ጃምቦ

መርካቶ ውስጥ ሁሉም ነገር ተራ አለው። ሸማ ተራ፣ ቦምብ ተራ፣ ሚሊቴሪ ተራ፣ ምናለሽ ተራ። መጠጥ ተራ ግን ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? የለም። መጠጥ ቤቱ በየተራው መሐል፣ ከሱቅ ጀርባ፣ ከግቢ ውስጥ ተሸጉጦ ነው የሚገኘው። ስለዚህ እኔ ቤቱን የማውቀው በመጠጫው ነው።

ጠላ ቤት ከሆነ ከደጃፉ እንጨት ጫፍ ላይ ጣሳ ተደፍቶ ታያላችሁ። ማስታወቂያው እሱ ነው። ከዚያ በላይ ምን ያስፈልጋል? ጋኑ በግራዋ ታጥቦ በወይራ የታጠነ መሆኑን የመጀመሪያው ጉንጭ ይነግራችኋል። አረቄ ቤት ደግሞ መለኪያዋ ትንሽ፣ ቆይታውም አጭር ነው። ግሮሰሪ ያው ባንኮኒ ተደግፎ ቢራ ወይም ጃምቦ ድራፍት ነው። ቡና ቤት የሚባለውም አለ፤ ስሙ የቡና ሆኖ የሚቀዳበት ቢራ ነው።

ቢራን የአዲስ ዘመን ነገር የሚያደርጉ ሰዎች አሉ። ቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራ ፋብሪካ በ1915 ዓ.ም. ሲቋቋም ግን መርካቶ ገና አልነበረም። ገበያው ያኔ አራዳ ጊዮርጊስ ነበር፤ ወደ ምዕራብ ያዞሩት ጣሊያኖች ናቸው፤ መርካቶ የሚለውም ቃል በእነሱ ቋንቋ ገበያ ማለት ነው። ቢራው ገበያውን በዕድሜ ይበልጠዋል።

የእኔ ልብ ያለው ግን ጠጅ ቤት ነው። አግዳሚው ረጅም ስለሆነ ለብቻ መቀመጥ አይቻልም። ቀኑን ሙሉ ጆንያ የተሸከመው ሰውና ጆንያውን ያሸከመው ነጋዴ ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ ሁለቱም የብርሌዋን ቀጭን አንገት በጣቶቻቸው ይዘው ያወጋሉ። ደረቅ የሚል አለ፣ መካከለኛ የሚል አለ፣ ለስላሳ የሚል አለ። አልኮል ለማይነካው ደግሞ ብርዝ አለ፤ ማሩ በውሃ የተበጠበጠ፣ ያልፈላ። ጠጪውንና የማይጠጣውን በአንድ አግዳሚ የሚያስቀምጥ ሌላ ቤት አላውቅም።

ይህን የምጽፈው ስለሚያሳስበኝ ነው። አሮጌው ግቢ ፈርሶ ሕንፃ ሲቆም ግሮሰሪው አንድ ክፍል ተከራይቶ ይቀጥላል። ጠጅ ቤት ግን ሰፊ ወለል፣ ለጋን የሚሆን ጓዳና የማይከብድ ኪራይ ይፈልጋል፤ አራተኛ ፎቅ ላይ አይኖርም። ሕንፃ የምታሠሩ የመርካቶ ሰዎች፣ ከምድር ቤቱ አንዱን ጥግ ለጠጅ ጣይዋ አስቀሩላት።

እናንተም ገበያ ስትወጡ፣ ሱቁ ሲዘጋ ወዲያው ታክሲ አትያዙ። ጥሩ ጠጅ የት እንዳለ ዕቃ ያሸከማችሁትን ሰው ጠይቁት፤ ያውቃል።