ሸራ በክረምት

«ክረምት» ስንል አገር ቤት ያለው ወገናችንና እዚህ ያለነው ስለ አንድ ነገር አንናገርም። እዚያ ክረምት ወንዝ የሚሞላበት፣ ውሃ የሚነግሥበት ወራት ነው። እዚህ በዊስኮንሲን፣ በማዲሰን ከተማ፣ ክረምት ማለት ውሃው በሩን የሚዘጋበት ወራት ነው። ለትምህርት ብቻ ለመጣ ሰው ልዩነቱ የካፖርት ጉዳይ ይሆናል። የሜንዶታን ሐይቅ በሸራ ጀልባ መዞር ለለመድነው ለእኛ ግን የግማሽ ዓመት ጥያቄ ነው። ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ሚያዝያ ድረስ ምን ይሠራል?

ብዙዎቻችን የመጀመሪያውን ክረምት እንዴት እንዳሳለፍነው የተሰወረ አይደለም። በታኅሣሥ ፀሐይ ከቀኑ አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ትጠልቃለች። ከዚያ ወዲያ ክፍልን ዘግቶ፣ ማሞቂያው ሥር ተኮራምቶ፣ አገር ቤት እየደወሉ መተከዝ ነው። ከዚህ ትካዜ ያወጣን የማንም ምክር ሳይሆን የብርጭቆ ወረቀት ነው ብንል ቀልድ አይምሰላችሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ብርዱ ሳይጠና ጀልባዎቹ ሁሉ ከሐይቁ ይወጣሉ። ምሰሶው ይነቀላል፤ ሸራው ታጥቦ፣ በደንብ ደርቆ ይታጠፋል፤ ገመዱም አንድ በአንድ ይታያል። ሞተር ያለው ጀልባ ከሆነ በውስጡ የቀረው ውሃ እስከ ጠብታው ይፈስሳል፤ ውሃ ሲረጋ ወደ አንድ አሥረኛ ያህል ስለሚያብጥ ብረቱን ይሰነጥቀዋልና። ከመካከላችን የጣና ዳር ልጅ የሆነው ጓደኛችን ይህን ሁሉ ሲያይ ብዙ አልተደነቀም። የደንገል ታንኳም ከውሃ ሲወጣ ዳር ላይ ተገትሮ ካልደረቀ ውሃ ጠጥቶ ይከብዳል፤ ጀልባ ዕድሜ የሚያገኘው በየብስ ላይ በሚደረግለት እንክብካቤ ነው፤ ይህንንም ሕፃን ያውቀዋል ይላል።

ከዚያ በኋላ የመጋዘኑ ሥራ ይጀመራል። እኛ የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች እጃችን ከብዕር ሌላ የሚያውቀው ነገር ጥቂት ነበር። እዚያ ግን አሮጌውን ቬርኒሽ መፋቅ፣ እንጨቱን ማለስለስ፣ ስስ አድርጎ መቀባት፣ ማድረቅ፣ እንደገና በቀስታ ማሸት፣ እንደገና መቀባት፣ ይህንኑ አምስት ስድስት ጊዜ መደጋገም ተማርን። የሚቸኩል ሰው አንዴ ወፍራም አድርጎ ይቀባና በበጋው ሲላጥ ያየዋል። በዚህ ሥራ ላይ ሳለ ሰው ይጫወታል። በበጋ እያንዳንዱ በየጀልባው ተበታትኖ፣ በነፋሱ ላይ እየጮኸ፣ ውድድር ሲሆንም እየተቀያየመ ይውላል፤ ባልንጀሮቻችንን በትክክል ያወቅናቸው ግን በክረምቱ ነው። ጡረታ የወጣ አናጺ፣ የሒሳብ ተማሪ፣ የሆስፒታል ነርስ፣ ሁሉም አንድ ጀልባ ከብበው ሲፍቁ ማን ከየት እንደ መጣ የሚጠይቀው ለጨዋታ ያህል ብቻ ነው። እንግሊዝኛችንንም ያቀናው ከክፍሉ ይልቅ ይህ መጋዘን ይመስለናል።

የመጋዘኑ ሰዎች ሁሉ የሚያከብሩት አንድ መጽሐፍ አለ። ጆሹዋ ስሎከም የተባለው የመርከብ አዛዥ ብቻውን ዓለምን ስለ መዞሩ የጻፈው ነው። በ1895 ከቦስተን ተነሥቶ በ1898 ተመለሰ፤ መጽሐፉም በ1900 ወጣ (ዓመታቱን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር አድርገናል)። ብዙ አንባቢ የሚወደው ማዕበሉንና የባሕር ወንበዴውን ነው። እኛ የምንደጋግመው መጀመሪያውን ነው። ጀልባዋ በሰው ሜዳ ላይ ተጥላ የኖረች አሮጌ ነበረች፤ ስሎከም ግራር ሳይሆን የአገሩን ባሉጥ ቈርጦ፣ በእንፋሎት እያጎበጠ፣ በዐሥራ ሦስት ወር እንደ አዲስ ሠራት፤ ለዕቃው ያወጣውም 553 ብር ከምናምን የአሜሪካ ገንዘብ ነው። ሦስት ዓመት ለፈጀ ጉዞ ከአንድ ዓመት በላይ በየብስ ላይ መዶሻ ይዞ መቆየት፤ የአንባቢው ዓይን ግን ይህን ክፍል ቶሎ ያልፈዋል።

ባሕሩ በማይረጋበት አገር፣ ለምሳሌ በኒው ዮርክ አካባቢ፣ ከ1932 ጀምሮ በክረምትም ትንንሽ ጀልባ ይዘው የሚወዳደሩ አሉ። ጣታቸው ምን እንደሚሆን እነሱ ያውቃሉ። የእኛ ሐይቅ ግን ይከደናል፤ ስለዚህ ሸራ ያልጠገበ ሰው በላዩ ላይ ይሄዳል።

እዚህ ላይ ቋንቋችን አልበቃንም። ከሰማይ እንደ ጠጠር የሚወርደውን፣ እንደ ጥጥ የሚረግፈውንና ሐይቁን የሚከድነውን ሁሉ «በረዶ» እንላለን። ለእነዚህ ሰዎች ግን የኋለኞቹ ሁለቱ ጠላትና ወዳጅ ናቸው። እኛም በመካከላችን የሚረግፈውን «አመዳይ»፣ የሚከድነውን «ግግር» ልንል ተስማማን፤ የቋንቋ መምህራን ይፍረዱን። ግግሩ ጥቁርና ለስላሳ ሆኖ ሲጠነክር፣ አመዳይም ገና ሳይወድቅበት፣ ያለችው ጊዜ አንዳንዴ ሳምንት፣ አንዳንዴ ሁለት ቀን ናት። ያን ጊዜ ስልኩ ይጮኻል፤ የተከበሩ ሰዎች ሥራቸውን ጥለው ይመጣሉ። ብዙዎቹ የሚነዱት ዲ ኤን የሚባለውን ዓይነት ነው፤ ስሙን ያገኘው በ1930ዎቹ መጨረሻ ከተሠራበት ከዲትሮይት ኒውስ ጋዜጣ የእንጨት ሥራ ክፍል ነው። ርዝመቱ ከአራት ሜትር ያነሰ፣ በሦስት የብረት ስለት ላይ የቆመ፣ አንድ ሰው በጀርባው ተጋድሞ የሚነዳው ነው። ውሃ ጀልባን ይጎትታል፤ ግግር ግን እምብዛም አይጎትትም። በሮጠም ቁጥር የራሱን ነፋስ ስለሚጨምር ከነፋሱ ሦስትና አራት እጥፍ ይፈጥናል። ለመጀመሪያ ጊዜ የተጋደምን ዕለት ከመካከላችን ማርያምን ያልጠራ አልነበረም።

ይህም ክረምት እያጠረ ነው። በሜንዶታ ሐይቁ የሚረጋበትና የሚፈታበት ቀን ከ1850ዎቹ ጀምሮ ይመዘገባል። በ1880 የገባው ክረምት 161 ቀን ዘጋው፤ በ2001 የገባው 21 ቀን ብቻ። በአማካይ ከጥንቱ አንድ ወር ያህል ጎድሎአል። ከዚህ የተነሣ በመካከላችን ክርክር ተነሥቷል። አንዳንዶቹ ጊዜው አጭር ስለሆነ ግግሩ እንደ ያዘ ወዲያው እንውጣ ይላሉ። እኛ አንስማማም። ያጠረው ወራት ያልታመነም ነው፤ ሽማግሌዎቹ ስንጥቁ በየዓመቱ የት እንደሚከፈት ቢያውቁም በመሰርሰሪያ ሳይለኩ፣ አንገታቸው ላይ መቆንጠጫ ሹል ሳያንጠለጥሉ፣ ባልንጀራ ሳይዙ አይወጡም። ሐይቁ ያልፈቀደውን ሳምንት ከሐይቁ ነጥቆ መውሰድ አይቻልም። በዚያ ሳምንት የሚፋቅ ጀልባ አይታጣም።

መጋዘኑ ማክሰኞና ሐሙስ ማታ ክፍት ነው። ዘንድሮ አዲስ የመጣችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ መዋኘት ባታውቁም ግድ የለም፤ እስከ ሚያዝያ ውሃ አያስፈልግም። አሮጌ ልብስ ልበሱ፤ ቬርኒሽ ከካፖርት አይለቅም። ሻዩን ቅርንፉድ ጨምረን የምናፈላው እኛ ነን።