ሰንበት ሲወጣ ስንት ለስንት ሆነ?

ቅዳሜ ማታ ሰንበት ወጥቶ፣ ሃብዳላ ተደርጎ፣ ቡናው ገና ሳይፈላ እኔ ቤት የሚጠየቀው ጥያቄ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «ስንት ለስንት ሆነ?» ባለቤቴ ትስቅብኛለች። «ሰው ሰንበት ሲወጣ ሳምንቱን ባርክልን ይላል፤ አንተ ኳስ ትጠይቃለህ» ትለኛለች። እውነቷን ነው። ይህ ጥያቄ ግን ከኔ የመጣ አይደለም። ከማን እንደመጣ ዛሬ ላጫውታችሁ።

ሃምሳ ስድስት ዓመቴ ነው። መምህር ነኝ፤ የቄስ ልጅ ነኝ፤ ከዚህ ሁሉ ጋር ደግሞ ከልጅነቴ ጀምሮ የኳስ ደጋፊ ነኝ። ኳስ የማትወዱ ወላጆችም ገጹን አትለፉት፤ ነገሩ መጨረሻው ላይ የሚያርፈው ልጆቻችን ጋ ነው።

የጨርቅ ኳስ

ያደግሁት ጎንደር ዙሪያ፣ ገጠር ነው። ጠዋት ጠዋት አባቴ እግር ሥር ተቀምጬ ፊደልና የግዕዝ ጸሎት እማራለሁ፤ ከዚያ ወደ መንግሥት ትምህርት ቤት ሩጫ ነው። ኳሳችን ጨርቅ ነበረች። ያረጀ ልብስ ተጠቅልሎ በገመድ ይታሰራል። ክረምት ሲሆን ውኃ ትጠጣና እንደ ድንጋይ ትከብዳለች። ግቡ ሁለት ድንጋይ ነው። ዳኛ የሚባል የለም፤ ኳሷን የሠራት ልጅ ዳኛም እሱው ነው። ሲከፋው ኳሷን በብብቱ ይዞ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ ጨዋታው አለቀ ማለት ነው።

አርብ ከሰዓት በኋላ ግን ጨዋታ የለም። እናንተው ታውቁታላችሁ፤ ውኃው ይቀዳል፣ ዳቦው ይጋገራል፣ ልብስም ገላም ይታጠባል፣ ጀምበር ሳትጠልቅ እሳቱ ይጠፋል። ትእዛዘ ሰንበትን እያነበበ ያደገ ሰው ሰንበትን እንደ አንድ ቀን አያያትም፤ እንደ እመቤት ነው የሚያያት። አባቴም እንደዚያ ነበሩ። አንድ ሰንበት ከጸሎት ስንመለስ መንገድ ላይ ያገኘሁትን የቅል ስባሪ በእግሬ ገፋ ገፋ አደረግሁት። አባቴ አልተቆጡኝም። ቆመው ጠበቁኝና፣ «እግርህም ይረፍ እንጂ፣ ልጄ» አሉኝ። ያን ቃል እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ሬዲዮ

ጎንደር ከተማ ገብቼ ስማር ከትልልቆቹ የሰማሁት ወሬ ሁሉ የ1954 ዓ.ም. ነበር። በዚያ ዓመት ጥር ላይ አዲስ አበባ በተደረገው የአፍሪካ ዋንጫ ኢትዮጵያ ግብፅን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፋ ዋንጫውን ወሰደች። መንግሥቱ ወርቁ፣ ወንድማማቾቹ ሉቻኖና ኢታሎ ቫሳሎ፣ አሠልጣኙ ይድነቃቸው ተሰማ፤ ስማቸው እንደ ጀግና ስም ይጠራ ነበር። ዋንጫውን ለአምበሉ ለሉቻኖ የሰጡት ጃንሆይ ራሳቸው ናቸው። እኔ አልተወለድኩም፤ ግን ደጋግሜ ከመስማቴ የተነሣ እዚያው የነበርኩ ይመስለኛል።

የኔ ዘመን ዋንጫ የ1980 ዓ.ም.ቱ ነው። የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካ ዋንጫ አዲስ አበባ ላይ ሲደረግ እኛ ጎንደር፣ አንድ ሻይ ቤት ውስጥ፣ አንዲት ሬዲዮ ከብበን ነበር። የሚያስተላልፈው ደምሴ ዳምጤ ነው። የዚያን ሰው ድምፅ የሰማ ሰው ሜዳውን ሳያይ ያየዋል። ከዚምባብዌ ጋር አቻ ተለያይተው በመለያ ምት ስናሸንፍ የማላውቀውን ሰው አቅፌ አለቀስኩ። ሻይ ቤቱ ባለቤት የዚያን ቀን ብርጭቆ የሰበረውን ሁሉ ይቅር አለ።

በኋላ አሊያ ስንጠብቅ አዲስ አበባ ተቀመጥን። ብዙዎቻችሁ ያንን ጊዜ ታስታውሱታላችሁ፤ ኪራይ ቤት፣ ወረፋ፣ በሽታ፣ ወሬ። አንድ ቀን ከዘመድ በተበደርኩት ገንዘብ ስታዲየም ገባሁ። መቻልና መብራት ኃይል ነበሩ የሚጫወቱት። ማን እንዳሸነፈ ጠፍቶብኛል። ሁለት ሰዓት ሙሉ ስለ ወረፋው እንዳላሰብኩ ግን አልጠፋብኝም። ከዚያ በ1991 ግንቦት የሰለሞን ዘመቻ ሆነ፤ በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14,000 በላይ ሰው ተጓጓዘ። እኛም ሻንጣ ሳይኖረን፣ ግንባራችን ላይ ቁጥር ተለጥፎ ገባን።

ደብተሬ

ኡልፓን ስገባ ዕብራይስጥ አልገባ አለኝ። የረዳኝ የጋዜጣው የስፖርት ገጽ ነው። የሊጉ ሰንጠረዥ ላይ ቁጥሩ ትርጉም አይፈልግም፤ ከቁጥሩ ተነሥቼ የቡድኖቹን ስም ማንበብ ቻልኩ፤ ከስሙ ፊደሉን አወቅሁ። በኋላ ኔታንያ ስለተመደብን ማካቢ ኔታንያን መደገፍ ጀመርኩ። የሊጉን ዋንጫ 5 ጊዜ የወሰደ ቡድን ነው፤ የመጨረሻው ግን በ1983 ነበር፤ እኔ ሳልመጣ 8 ዓመት ቀድሞ ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ እየጠበቅሁ ነው። በ1970 የዓለም ዋንጫ ላይ ለእስራኤል ብቸኛውን ግብ ያገባው ሞርደኻይ ሽፒግለርም የዚሁ ቡድን ሰው ነበር። መጠበቅ የለመደ ሰው ደግሞ ቡድን አይቀይርም።

ከ1992 ጀምሮ ውጤቱን የምጽፍበት ደብተር አለኝ፤ አሁን አሥራ አንደኛው ላይ ነኝ። ቁጥሩን የምጽፈው አባቴ ባስተማሩኝ በግዕዝ ቁጥር ነው። ፪ ለ ፩፣ ፫ ለ ፪። ችግሩ በግዕዝ ቁጥር ውስጥ ዜሮ የለም። ስለዚህ ሳይገባ ሲቀር «ባዶ» ብዬ በፊደል እጽፋለሁ፤ የኔ ቡድን ደብተር ውስጥ «ባዶ» የሚለው ቃል በዝቷል። ለተማሪዎቼም ሒሳብ ሳስተምር በሰንጠረዡ ነው፤ ድል 3 ነጥብ፣ አቻ 1 ነጥብ። ደግሞ አንድ ጥያቄ እጠይቃቸዋለሁ፤ «እስራኤልና ኢትዮጵያ በኳስ ተገናኝተው ያውቃሉ?» ማንም አያውቅም። በ1961 ለዓለም ዋንጫ ማጣሪያ እዚሁ እስራኤል ሁለት ጊዜ ተጫውተዋል፤ እስራኤል 1 ለ 0 እና 3 ለ 2 አሸነፈች። «አንተ የማን ደጋፊ ትሆን ነበር?» ይሉኛል። መልሱን እስካሁን አላገኘሁትም።

ወንበሩ

እዚህ አገር ትልቁ ፈተና ሊጉ በአብዛኛው ቅዳሜ መጫወቱ ነው። እኔ ስታዲየም በሰንበት ሄጄ አላውቅም። ነገር ግን እውነቱን ልናገር፤ ጎረቤታችን ቅዳሜ ከሰዓት ሬዲዮውን ከፍ አድርጎ «ዘፈንና ጎል» የሚባለውን ፕሮግራም ያዳምጥ ነበር። ሬዲዮውን እኔ አልከፈትኩት። ወንበሬን ብቻ ወደ መስኮቱ አስጠጋለሁ። አንድ ቀን አባቴ ቤታችን ሰንበትን ሲያሳልፉ አዩኝና፣ «ይህ ወንበር ሌላ ቀን ከጠረጴዛው አጠገብ ነው፤ በሰንበት ለምን ይሰደዳል?» አሉኝ። ወንበሩን መለስኩት።

አባቴ ኳስን አይጠሉም ነበር። በ2004 ማካቢ ቴል አቪቭ በአውሮፓ ሻምፒዮንስ ሊግ ከባየርን፣ ከዩቬንቱስና ከአያክስ ጋር ሲጫወት ጨዋታው በሳምንቱ መካከል ስለነበር አብረን በቴሌቪዥን አየን። ባሩክ ዴጎን ሲያዩ ወደ ስክሪኑ ጠጋ ብለው፣ «ይህ የማን ልጅ ነው? ከየት አገር ነው?» አሉ። እስከ ጨዋታው መጨረሻ ዐይናቸው ከሱ ላይ አልተነሣም።

ጥፋቴ

ልጄ አሥራ አንድ ዓመት ሲሆነው አንድ ክለብ ለልጆች ቡድን መረጠው። አሠልጣኙ ቤት ድረስ መጥቶ፣ «ይህ ልጅ ኳስ ያውቃል» አለኝ። ደስታዬን እንዴት ልንገራችሁ! እኔ በጨርቅ የጀመርኩትን ልጄ በሣር ሜዳ ሊቀጥለው ነው። ልፈርም ብዕር ከያዝኩ በኋላ የጨዋታውን ቀን ጠየቅሁ። «ቅዳሜ ጠዋት» አለኝ።

ሦስት ሌሊት እንቅልፍ አጣሁ። በመጨረሻ ልጁን አስቀምጬ፣ «አያትህ ቄስ ናቸው። የቄስ የልጅ ልጅ በሰንበት ኳስ ሲጫወት ቢታይ ምን ይባላል? አያትህ አይፈቅዱም» አልኩት። አንድ ቃል አልመለሰም። ጫማውን አልጋው ሥር ወርውሮ ተኛ። ከዚያ በኋላ ስለ ኳስ አያወራኝም። የባሰው ደግሞ ሌላ ነው። በየሳምንቱ ረቡዕ አያቱ ቤት ይሄድ የነበረው ልጅ መሄዱን ተወ። እኔ እያየሁ ዝም አልኩ።

ወራት ካለፉ በኋላ አባቴ ጠሩኝ። «ልጁን ምን በደልሁት?» አሉኝ። የሆነውን ነገርኳቸው። ብዙ ጊዜ ዝም ብለው ቆዩና፣ «ጠይቀኸኝ ነበር ወይ?» አሉ።

«አልጠየቅሁም።»

«ታዲያ ያልተናገርሁትን በአፌ ለምን አስቀመጥህ?»

«አባ፣ ብጠይቅዎትስ ይፈቅዱ ነበር?»

«አልፈቅድም። ግን እኔው ራሴ እነግረው ነበር። እምቢታው የኔ ከሆነ ማባበሉም የኔ ነው። አንተ እምቢታውን ለኔ ሰጠኸኝ፤ ማባበሉን ማን ወሰደው?»

መልስ አልነበረኝም። መምህር ነኝ፤ በየቀኑ ልጆችን «ያጠፋኸውን በሌላ አታሳብብ» የምል ሰው ነኝ።

አባቴ ልጁን አስጠሩት። በሩን ዘግተው ሁለቱ ብቻ አወሩ፤ ምን እንዳሉት አልሰማሁም፤ ልጄም አልነገረኝም። እኔ ደግሞ ስፈልግ ሰነበትኩና ማትናሱ ውስጥ ማክሰኞ ማክሰኞ የሚጫወት ትንሽ ቡድን አገኘሁ። ትልቅ ክለብ አይደለም፤ ማልያቸውም የተለያየ ነበር። በመጀመሪያው ማክሰኞ አባቴ በአውቶቡስ መጡ። ነጭ ጥምጥማቸውን ጠምጥመው፣ ዣንጥላቸውን ይዘው፣ ከሜዳው ዳር አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ሕጉን በደንብ አያውቁትም፤ ሰው ሲያጨበጭብ ያጨበጭባሉ። ጨዋታው ሲያልቅ ልጄ በላብ ርሶ ሲመጣ ጉንጩን ስመው፣ «ስንት ለስንት ሆነ?» አሉት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ይህ የሁለቱ ሰላምታ ሆነ። ከ«እንደምን ሰነበትህ» በፊት «ስንት ለስንት ሆነ?» ነው። ሰንበት ሲወጣ ልጁ ስልክ ይደውልላቸውና የሊጉን ውጤት አንድ በአንድ ይነግራቸው ነበር። ግማሹን የቡድን ስም አያውቁትም፤ ግን እስከ መጨረሻው ያዳምጣሉ። አባቴ ካረፉ አሁን አሥር ዓመት አልፏል።

ልጄ ኳስ ተጫዋች አልሆነም፤ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው። ዛሬም ማክሰኞ ማታ ከጓደኞቹ ጋር ይጫወታል። ከሠራዊት ሲወጣ አንድ ቀን እንዲህ አለኝ፤ «አባ፣ እኔ የተናደድሁት ስለ ኳሱ አልነበረም። ‹እኔ ነኝ ያልፈቀድሁት› ብትለኝ ካንተ ጋር እጣላ ነበር። ከአያቴ ጋር ግን ያን ያህል ጊዜ አላጣም ነበር።» ልክ ነው። እነዚያ ወራት ከአባቴ ዕድሜ ላይ የተቀነሱ ናቸው፤ የቀነስኳቸውም እኔ ነኝ።

ኤሊ ዳሳ የእስራኤልን ብሔራዊ ቡድን አምበልነት ክንዱ ላይ አስሮ ሲገባ ሳይ እንደ ማንኛውም የኛ ሰው ደረቴ ይነፋል። በዚያው ቅጽበት ደግሞ «ያን ቀን ፈርሜ ቢሆንስ?» የምትል ሐሳብ ብቅ ትላለች። ትክክል ሠርቼ እንደሆነ አላውቅም። ሰንበትን በመምረጤ አልጸጸትም። በአባቴ ስም መሸሸጌ ግን ይቆጨኛል። ውድ ወላጆች፣ ለልጆቻችን ብዙ ጊዜ «አይሆንም» ማለት አለብን፤ ስንል ግን በራሳችን አፍ እንበል። አያቶቹን ለፍቅር እንተዋቸው።

በ2021 ፋሲል ከነማ ለመጀመሪያ ጊዜ የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ ዋንጫን ሲወስድ የመጀመሪያው የደወለልኝ ልጄ ነበር። ጎንደርን አይቶ አያውቅም። «አባ፣ የአያቴ አገር ዋንጫ ወሰደ» አለኝ። ደብተሬ ላይ በትልቁ ጻፍኩት።

ባለፈው ቅዳሜ ማታም ስልኩ ጮኸ። ልጄ ነው። ውጤቱ እጁ ላይ ባለው ስልክ ላይ እንዳለ አውቃለሁ፤ እሱም እንደማውቅ ያውቃል። ቢሆንም ጠየቀኝ፤ «አባ፣ ስንት ለስንት ሆነ?»

«ባዶ ለባዶ» አልኩት፤ ሁለታችንም ሳቅን።