በግማሽ ሰዓት ስለሚደርሰው የቻይና የበሬ ሥጋና የኑድል ጥብስ

ባገራችን የወጥ ሥራ ትዕግሥትን የሚፈልግ መሆኑ የታወቀ ነው። ሽንኩርቱ በስሎ፥ በርበሬው ተቍላልቶ፥ ቅመሙና ቅቤው ገብቶ እስኪያበቃ ድረስ ወጥ ሠሪዋ ከምድጃው አጠገብ አትለይም። ሥርዓቱ መልካም ስለ ሆነ እኛ አንነቅፈውም፤ ለበዓልና ለእንግዳም ከርሱ የሚበልጥ አናውቅም። ነገር ግን ዛሬ በከተማ ባልም ሚስትም በደመወዝ ሥራ ውለው ሲመሽ የሚገቡበት ቤት ብዙ ነው። በእንዲህ ያለው ቤት ራትን በአንድ ገበታ መብላት እየቀረ፥ አንዱ በአንድ ሰዓት፥ አንዱ በሦስት ሰዓት ይበላል፤ ልጆችም በቁማቸው ዳቦ ገምጠው ይተኛሉ። የእኛም ቤት ወደዚሁ ደርሶ ነበር። እኛ የችሎቱን መዝገብ ገልብጠን እስክንጨርስ ይመሻል፤ ባለቤታችንም በሐኪም ቤት ተራዋ ሲደርስ ታመሻለች። በዚህ መካከል እናታችን ከገጠር መጥተው ከእኛ ጋራ ተቀመጡ። በርሳቸው አገር ለብቻው የሚበላ ሰው ወይ የታመመ ወይ የተጣላ ነውና፥ ለብቻቸው የቀረበላቸውን ሳሕን እየነካኩ ይመልሱት ጀመር።

ስለዚህ ከሥራ ከተመለስን በኋላ በግማሽ ሰዓት ውስጥ የሚደርስ፥ ለሁሉም በአንድ ትሪ የሚቀርብ ምግብ ፈለግን። ያገኘነውም በቦሌ አካባቢ ካሉት የቻይና ምግብ ቤቶች በአንዱ የቀመስነው፥ በበሬ ሥጋና በኑድል የሚሠራው ጥብስ ነው። ወንድ ልጅ ማጀት ገባ ብለው የሚስቁብን ወዳጆች አሉን። ይሁን እንጂ ሴት በማይገባበት በደብረ ዳሞ ገዳም ምግቡን የሚያዘጋጁት ወንዶች መሆናቸውን ለነዚሁ ወዳጆቻችን እናሳስባቸዋለን።

የኑድል ነገር እጅግ የቆየ ነው። በቻይና በቢጫው ወንዝ አጠገብ፥ ላጂያ በሚባል ስፍራ፥ በመሬት ውስጥ ተደፍቶ በተገኘ የሸክላ ሳሕን ሥር 4,000 ዓመት ያህል የቆየ ኑድል መገኘቱን ሊቃውንት በአውሮፓ አቈጣጠር በ2005 ዓ.ም. አስታውቀዋል፤ የተሠራውም እንደ ዳጉሳ ጥቃቅን ፍሬ ካለው እህል ነው ብለዋል። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለን፥ ኑድልን ከቻይና ወደ ኢጣልያ ያመጣው ማርኮ ፖሎ ነው ሲባል እንሰማ ነበር። ነገር ግን ማርኮ ፖሎ ወደ ቬኒስ የተመለሰው በ1295 ሲሆን፥ ኢድሪሲ የሚባለው የዐረብ የጂኦግራፊ ሊቅ በ1154 በጻፈው መጽሐፍ፥ በሲሲልያ ደሴት እንደ ክር የቀጠነ የስንዴ ምግብ እየተሠራ ወደ ሌላ አገር እንደሚላክ አስቀድሞ ተናግሯል። ቻይናም ኢጣልያም ክሩን ለየብቻቸው ቢፈትሉ የማንኛቸውም ክብር አይነካም። በካንቶን፥ ማለት ዛሬ ጓንጆ በሚባለው ከተማ፥ ይህ የበሬ ሥጋ ጥብስ የሚሠራው ከሩዝ በሚዘጋጀው ሰፊ ኑድል ነው፤ ስሙም ሆ ፈን ሲሆን፥ ሻሄ ከምትባለው ከዚያው አገር መንደር የተወሰደ ነው። እኛ ግን በየሱቁ የሚገኘውን ቀጭን ስፓጌቲ እናገባለን።

ሥጋው ሽንጥ ወይም ታናሽ ቢሆን ይመረጣል፤ ለአምስት ሰው ግማሽ ኪሎ ይበቃል። ዋናው ነገር አቈራረጡ ነው። የሥጋው ክር ወዴት እንደሚሄድ ተመልክቶ፥ ቢላዋውን በክሩ ላይ አግድም ማሳረፍ ይገባል፤ ረጅሙ ክር በቢላዋ ካጠረ ጥርስ አይደክምምና። ይህ ነገር ጥርሳቸው ለሳሳው ለእናታችን ታላቅ ጥቅም ሆኗል። ውፍረቱም ከ3 ሚሊሜትር ባይበልጥ መልካም ነው። በተቈረጠው ሥጋ ላይ አንድ የሾርባ ማንኪያ ሶያ ሶስ፥ አንድ የሾርባ ማንኪያ የበቆሎ ስታርች፥ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይትና ሩብ የሻይ ማንኪያ ሶዳ ጨምሮ በእጅ አሽቶ 15 ደቂቃ ማቈየት ነው። ሶዳው ሥጋው በእሳት ጊዜ ተኮማትሮ ውሃውን እንዳይተፋ ይከለክለዋል፤ ስታርቹም እንደ ቀጭን ልብስ ይሸፍነዋል። ሶዳ ከተባለው ልክ ቢያልፍ ግን ሥጋው ሳሙና ሳሙና ይላል።

ሥጋው በዚህ ሁኔታ ሳለ ውሃው ይጣዳል። በባሕር ጠረፍ በ100 ዲግሪ የሚፈላው ውሃ በአዲስ አበባ ከፍታ በ92 ዲግሪ ግድም ይፈላል። ስለዚህ በፓኮው ላይ የተጻፈው ደቂቃ ለቈላ አገር እንጂ ለእኛ አይሆንም፤ በጥርስ እየቀመሱ መፍረድ ይሻላል። ለ400 ግራም ስፓጌቲ በሚጣደው ውሃ፥ በያንዳንዱ ሊትር ሁለት የሻይ ማንኪያ ሶዳ ቢጨመር፥ ስፓጌቲው ቢጫ መልክ ይዞ እንደ ቻይና ኑድል ይለጠጣል፤ አረፋው ስለሚገነፍል ድስቱ ሰፊ ይሁን። በላንጆ ከተማም ኑድል ሠሪዎች ሊጡ እንዲለጠጥላቸው ከበረሃ ተክል አመድ የሚወጣ ጨው ይጨምሩበት ነበር። ጥቂት ጥሬነት ሲቀረው አውጥቶ በቀዝቃዛ ውሃ አለቅልቆ፥ አጥልሎ፥ በጥቂት ዘይት ማሸት ነው።

ዝንጅብል፥ ነጭ ሽንኩርት፥ ካሮት፥ ጥቅል ጐመንና ባሮ ሽንኩርት እሳቱ ከመለኰሱ በፊት ሁሉም ተቈርጠው በየሳሕናቸው መቀመጥ አለባቸው። ችሎት ከተሰየመ በኋላ መዝገብ ፍለጋ የሚሮጥ ጸሐፊ እንዴት እንደሚታይ የሚያውቅ ያውቀዋል። በሲኒ ደግሞ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ሶያ ሶስ፥ አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ጥቂት ውሃ ይበጠበጣል፤ ሶሱ ራሱ ጨዋማ ስለ ሆነ ሌላ ጨው አያስፈልግም።

የቻይና መጥበሻ ታቹ ክብ፥ ብረቱ ስስ ነው። የካንቶን ሰዎች ከኀይለኛ እሳት የሚገኘውን መዓዛ ዎክ ሄይ፥ ማለት የመጥበሻ እስትንፋስ ይሉታል። የቤት ምድጃ ግን እንደ ምግብ ቤቱ እሳት አይበረታም። ብልሃቱ መጥበሻውን ጢስ እስኪል አግሎ፥ ሥጋውን በአንድ ጊዜ ሳይሆን በሁለትና በሦስት ጊዜ ከፍሎ መጥበስ ነው፤ ሁሉ ባንድ ላይ ከገባ መጥበሻው ይበርድና ሥጋው በገዛ ውሃው ይቀቀላል። አንዱ ወገን ቡናማ ሲሆን አገላብጦ ወዲያው ማውጣት ነው። ከዚያ ዝንጅብሉና ነጭ ሽንኩርቱ ለጥቂት ሰኮንድ፥ ካሮቱና ጐመኑ ለሁለት ደቂቃ፥ ቀጥሎም ስፓጌቲው፥ ሥጋውና በሲኒ የተበጠበጠው ይገባሉ፤ ባሮው በመጨረሻ ይነሰነሳል። እሳት ላይ የሚፈጀው ሁሉ ከ10 ደቂቃ እምብዛም አይበልጥም። ዘይቱ ሽታ የሌለው ይሁን፤ ንጥር ቅቤ እጅግ የምንወደው ቢሆንም የዚህ ምግብ ወዳጅ አይደለም።

የመጀመሪያው ቀን ግን እናታችን ከመቅመሳቸው በፊት ጠርሙሶቹን አመለከቱና፥ «ልጄ፥ በዚህ ላይ የተጻፈውን አንብብልኝ፤ ከምን የተሠራ ነው?» አሉን። ጥያቄያቸውን ተራ ነገር ነው ብለን አላለፍነውም፤ ሰው የማያውቀውን ነገር በልጆቹ አፍ ሳያስገባ መጠየቁ ተገቢ ነው። አንዱ ጠርሙስ ሶያ ሶስ ነበረ፤ አኩሪ አተር፥ ስንዴ፥ ጨውና ውሃ፤ በሻጋታ ተብላልቶ ወራት የሚቈይ ነው። ሁለተኛው ኦይስተር ሶስ የሚባለው ነበረ፤ ይህም በባሕር ውስጥ በዛጎል ከሚኖር ፍጥረት የሚወጣ ነው። በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 ክንፍና ቅርፊት የሌለው የባሕር ፍጥረት የተከለከለ መሆኑን በቄስ ትምህርት ቤት ተምረናልና፥ ሁለተኛውን ጠርሙስ ከገበታው አነሣነው። በስኳሩ ምክንያት ጣዕሙ ብዙም አልተጐዳም። እናታችንም በትሪው ላይ አማትበው አንድ ጉርሻ ጠቀለሉ፤ ክሩ እየተንጠለጠለ ልጆቹን ቢያሥቃቸውም እርሳቸው አልሣቁም። ጥቂት አላምጠው፥ «እንዲህ ከሆነማ ጥብስ ነው እንጂ ሌላ ምን ነው» አሉና ሁለተኛውን ጉርሻ ለታናሹ ልጃችን አጐረሡት።

ረቡዕና ዓርብ በሥጋው ፈንታ እንጉዳይ እናገባለን። በእነዚህ ቀኖች የፓኮውን ጽሑፍ ማንበብ ያስፈልጋል፤ ስፓጌቲ ብዙውን ጊዜ ስንዴና ውሃ ብቻ ሲሆን፥ ኑድል ተብሎ ከሚሸጠው ውስጥ ግን ዕንቍላል ያለበት አለ። አዋዜ የሚወድ ሰው ከትሪው ዳር አድርጎ ያጥቅስ፤ ከመጥበሻው ውስጥ ከገባ የዝንጅብሉን መዓዛ ይውጠዋል። ልጆቻችን ይህን ትእዛዝ እስከ ዛሬ አልፈጸሙም።